እማማ ግፊና የመጨረሻው ዘመን

እማማ ግፊ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት የሚቀመጡት ከኋላ ነው። ትሕትና እንዳይመስላችሁ! ትሕትና የሚሉት ነገር በደጃቸው አልፎ አያውቅም። ከኋላ የሚቀመጡት ጉባኤው በሙሉ በማጅራቱ በኩል ወለል ብሎ ስለሚታያቸው ነው። የጉባኤው እኩሌታ በእጃቸው ላይ የተወለደ ነውና ስብከቱ ሲረዝም በዓይናቸው እየለቀሙ ያስታውሱታል። ያ ሰፊ ትከሻ በእግሩ የመጣው ነው፤ እናቱን አሳሯን አሳይቷታል። ያቺ ዘማሪ ስትወለድ ጭጭ ብላ ሁሉንም አስደንግጣ፣ ጀርባዋን ቢያሿት ቢያሿት በስንት መከራ ነው የጮኸችው፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም። ያ የሚያንቀላፋው ደግሞ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ የመጣው ነው፤ ዛሬ በዚያው አንገት ከረባት አስሮ ምጽዋት ይሰበስባል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እማማ ግፊ ግን በሁሉም ይኮራሉ። "የእጄ ሥራ ናቸው" ይላሉ። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው፣ "ማለቴ፣ ከአንተ ጋር" ብለው ያርማሉ።

ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? በሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል "ግፊ!" ብለው ሲጮኹ ድምፃቸው ግቢውን ተሻግሮ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይሰማል። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ "እሰይ፣ አንዷ ልትገላገል ነው" ይላል። ስሙም ከዚያው ከፌርማታው ወጥቶ ቀረ።

አንድ ልማድ ደግሞ አላቸው። ሕፃኑ ወጥቶ ሲያለቅስ፣ ከፊታቸው ትክክል ከፍ አድርገው ይይዙትና "እንኳን በጊዜህ መጣህ" ይሉታል። ሴት ከሆነች "እንኳን በጊዜሽ መጣሽ" ነው። ይህን ሳይሉ ልጅ ለእናቱ ሰጥተው አያውቁም። መንገዱ በጥይት ተዘግቶ ሳለ የተወለደውንም ብለውታል። ጎርፍ ምድር ቤቱን ሞልቶት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን የተወለደችውንም እንዲሁ። አንዳንድ አባት "ኧረ እማማ፣ በዚህ ክፉ ዘመን ምን ጊዜ አለና ነው" ሲላቸው ቱግ ይላሉ።

"ዘመኑን አንተ ሠራኸው? የሚኖርበት እሱ ነው፤ አንተ ብርድ ልብሱን አምጣ!"

ባለቤታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሽ ምልክት ይላቸዋል፤ ለምን እንደሚላቸው ሱቃቸው የገባ ያውቃል። ሱቁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ መዳኑ የሚታወቀው ሲናገር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዜና ሲሰሙ ይውላሉ። እዚህ ጦርነት፣ እዚያ ርሃብ፣ ወዲያ ማዶ መሬት ተንቀጠቀጠ። በአንድ እጃቸው ሽቦ ይበይዳሉ፣ በሌላው የተገለጠ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል። "ይኸው፣ ተጽፎ የለም?" ይላሉ። ደንበኛው የመጣው ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ነበር፤ ስለ አውሬው አሥር ቀንዶች ሰምቶ፣ ድንጋዩን ረስቶ ይሄዳል።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም፤ ኧረ እንዲያውም! ለመበለት ሬዲዮ በነፃ የሚጠግኑ፣ ትንኝ ሲገድሉ የሚቆጫቸው ሰው ናቸው። በጸሎት ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት የሚደረገውን የትንቢት ጥናት የሚመሩት እርሳቸው ናቸው። እማማ ግፊም በዚህ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚሄዱት። "የእኔ ሰውዬ ዳንኤልን በቃሉ ነው የሚያውቀው" ይሉታል ለማዋለጃ ክፍል ሰው ሁሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት እንኳ አትቀርም።

ጥናቱ ላይ ክርክር አይጠፋም። ጡረተኛው አስተማሪ "ይህ ሁሉ ኢየሩሳሌም በፈረሰች ጊዜ ተፈጽሟል፤ ባለፈ ነገር ምን ያስጮኸናል" ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ "ሺህ ዓመት የተባለው ምሳሌ ነው፤ ክርስቶስ አሁንም ነግሦ ነው ያለው" ባይ ነው። ጋሽ ምልክት ግን እንደ ተጻፈው፣ ቃል በቃል ነው የሚያምኑት። መጀመሪያ አማኞች ይነጠቃሉ፤ ቀጥሎ ታላቁ መከራ ይሆናል፤ ከዚያ ጌታ ተመልሶ ሺህ ዓመት ይነግሣል። ይህንን በሬዲዮ ካርቶን ጀርባ ላይ ሥለውታል፤ አንድ ቀስት ወደ ላይ፣ አንድ ቀስት ወደ ታች። ሦስቱ ሲጨቃጨቁ ይውሉና አብረው እየሳቁ ይወጣሉ። "የተሳሳተውን ሲመጣ ይነግረናል" ይባባላሉ።

እንዲህ እያለ ኖሮ፣ አንድ ሰሞን ዜናው ከፋ። የትኛውም ሬዲዮ ቢከፈት ወሬው እሳት ነው። ጋሽ ምልክት እህል አልወርድ አላቸው። በዚያው ሰሞን በጥናቱ ላይ ከወንጌሉ ስለ መጨረሻው ዘመን የሚናገረውን ምዕራፍ ጀመሩ። ስለ ጦርነትና ስለ ጦርነት ወሬ አስተማሩ፤ ይህ ሁሉ የምጥ መጀመሪያ ነው የሚለውንም። ቀጥለው፣ በዚያ ወራት ለርጉዞችና ለሚያጠቡ ወዮላቸው ከሚለው ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ወገኖቼ፣ ይሄ ለእኛ ነው" አሉ። "አስተዋይ ሰው በዚህ ሰዓት ልጅ አይወልድም። ጌታ በደጅ ነው።"

ሰውየው ፈርተው ነው የተናገሩት፤ ለሰው አዝነው። ግን ቅዳሜ የተነገረው ሰኞ ቤት ለቤት ገባ። አንዱ ሠርጉን አራዘመ። አዲስ ተጋቢዎች "እስቲ ትንሽ እንየው" አሉ። አስቀድማ ያረገዘች የአናጢው ሚስት ደግሞ ሆዷን በሻርፕ ሸፍና ጥግ መያዝ ጀመረች፤ እሷን ባዩ ቁጥር ሴቶቹ "ምስኪን፣ ምን ይዋጣት!" እያሉ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ወይ ጉድ! እግዜር ያልከለከለውን ነገር ከንፈር መምጠጥ ከለከለው።

እማማ ግፊ ነገሩ የገባቸው በሥራቸው ነው። ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡት ሴቶች መካከል የጉባኤው ሴቶች አንድ በአንድ ጠፉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰዉን አስፈራኸው" አሉ ምሳ ላይ።

"እኔ ምን አልኩ? የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።"

"አትውለዱ ብሎ የት ተጽፏል?"

"አንቺ ደግሞ እንጀራሽ ስለሆነ ነው" ብለው ጋሽ ምልክት ሳቁ፤ ነገሩም በሳቅ አለፈ።

እማማ ግፊ ነገር ማሳለፍ የሚችሉ ሰው ሆነው አይደለም። ግን ከተጋቡ ጀምሮ ስምምነት አላቸው። እርሳቸው በባላቸው ጥናት ጣልቃ አይገቡም፤ ባላቸውም የማዋለጃ ክፍሉን ደጃፍ አይረግጡም። የገዛ ልጆቻቸው ሲወለዱ እንኳ ጋሽ ምልክት ፌርማታው ላይ ቆመው ነው የሰሙት።

ከልጆቻቸው የመጨረሻዋ፣ ትንሿ የሚሏት፣ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትሠራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ለምሳ ወላጆቿ ቤት መምጣት ልማዷ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ዛሬ ሥራ አለኝ፣ ነገ ደከመኝ እያለች ጠፋች። በመጨረሻ አንድ እሁድ መጣች፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሷ ግን የባሏን ሰፊ ካፖርት ለብሳለች።

"ብርድ ብርድ አለኝ" አለች።

ምሳው አለቀና ሳህን ልታነሣ ከወንበሯ ተነሣች፤ አነሣሷ ግን በአንድ እጇ ጠረጴዛውን፣ በሌላው ወገቧን ይዛ ነው። ጋሽ ምልክት ምንም አላዩም፤ ጆሯቸው ሬዲዮው ላይ ነበር። እማማ ግፊ ግን ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ወደ ወጥ ቤት ተከተሏት።

ትንሿ ፊቷን ወደ ሳህኖቹ እንዳዞረች፣ "እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር" አለች። "እርጉዝ ነኝ።"

"ለቀባሪው አረዱት!" አሉ እማማ ግፊ። ሊስቁ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣም። "ከሰው ሁሉ ደብቂ፣ እሺ። ከእኔ? የሰው ልጅ ሁሉ በእጄ ሲወጣ ኖሮ፣ የራሴ ልጅ ትደበቀኝ?"

"አባዬ ያስተማረውን አልሰማሽም? የመምህሩ ልጅ እንኳ ቃሉን አላመነችበትም ይሉታል። አንገቱን ላስደፋው?"

እማማ ግፊ መልስ ነበራቸው፤ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይናቸው ወደ ልጃቸው እግር ወረደ። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቷል፤ እግሯ ከጫማው በላይ አብጦ ገንፍሏል።

"ራስሽን ያምሻል?"

"ትንሽ። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይላል።"

"ተመርምረሻል?"

"የት ልመርመር እማዬ? ያለው ያንቺ ክፍል ነው፤ እዚያ የሚያየኝ ሰው ሁሉ የጉባኤው ሰው ነው።"

እማማ ግፊ ኩርፊያቸውን እዚያው ጣሉት። በማግስቱ በጓሮ በር አስገብተው ለኳት፤ ደም ግፊቷ ሰማይ ነክቷል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣትና ሳያድበሰብስ ነገራት። በየጥቂት ቀኑ መታየት አለባት፤ ከባሰባት ልጁ ከቀኑ በፊት መውጣት ይኖርበታል፤ ከተደበቀች ግን እሷም ልጁም ላይተርፉ ይችላሉ። ትንሿ "እሺ" አለች። በቀጠሮዋ ቀን ግን አልመጣችም። እማማ ግፊ ቤቷ ድረስ ቢሄዱ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ያቺን ዘማሪ አይታ መመለሷን ነገረቻቸው።

"ቅዳሜ ጥናት ትመጫለሽ" አሉ እማማ ግፊ።

"እማዬ፣ በናትሽ! አባዬን በሰው ፊት ..."

"አባትሽን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው። እሱ አንገቱን የሚደፋ ለሬዲዮ ብቻ ነው።"

አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ሆዳቸው ፈርቶ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቁትን ስምምነት ሊያፈርሱ ነው። ባላቸው በመምህርነት ወንበራቸው ላይ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ክብራቸውን የሚወዱላቸው ደግሞ ከማንም በላይ እርሳቸው ነበሩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ምልክት የካርቶን ሥዕላቸውን ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ በሬዲዮ አንቴና እየጠቆሙ ያስተምራሉ። "እንግዲህ የምጥ መጀመሪያ ነው ተብሏል" ሲሉ ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ።

"ጥያቄ አለኝ" አሉ እማማ ግፊ።

ጋሽ ምልክት አንቴናው በእጃቸው እንዳለ ደርቀው ቀሩ። "እ ... እህታችን ይናገሩ" አሉ። እህታችን! ጠዋት ካልሲዬን የት አደረግሽው ያሏትን ሴት!

እማማ ግፊ በመተላለፊያው ወደ ፊት መጡ። "ስለ ሬዲዮ ብታስተምር ዝም እል ነበር። ስለ ምጥ ካነሣህ ግን እኔም ድርሻ አለኝ" አሉ። ሰው ሳቀ። እርሳቸው ግን ዞር ብለው ጉባኤውን አዩና፣ "በእኔ እጅ የተወለዳችሁ ተነሡ!" አሉ።

አግዳሚው ሁሉ ተንቋቋ። ባለ ሰፊ ትከሻው ተነሣ፤ ዘማሪዋ ተነሣች፤ ባለ ከረባቱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ነገሩ ሳይገባው ተነሣ። አዳራሹ እኩሌታው ቆመ። እማማ ግፊ ወደ ባለ ሰፊ ትከሻው ጠቆሙ።

"አንተ ስትወለድ ከተማው ይተኮስበት ነበር። የእኔው ሰውዬ ሬዲዮ ያን ቀንም የዓለም መጨረሻ ነው ይል ነበር። እናትህን ወዮልሽ አልኳት?"

"አላሏትም እማማ።"

"ምን አልኳት?"

ጉባኤው በአንድ አፍ፣ "ግፊ!" አለ። ፌርማታው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። "ልጆቼ፣ ምጥ ሳይ ነው ያረጀሁት" አሉ። "ምጥ ጨዋታ አይደለም፤ ሰው ይሞትበታል፤ በእጄ ላይ ሞተውብኛል። ግን ምጥ መጣ ብዬ በር ዘግቼ የሸሸሁበት ቀን የለም። እጄን ታጥቤ ነው የምጠብቀው። ሰዓቱን ደግሞ አልናገርም። በዚህ ሰዓት ትወልዳለች ያለ ሁሉ ሲያፍር አይቻለሁ።" ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አንተ ምዕራፉን በቃልህ ታውቀዋለህ። መጨረሻው ምን ይላል?"

"እዚያ ገና አልደረስንም፤ ሌላ ቅዳሜ ..."

"የለም፣ ዛሬ።"

ጋሽ ምልክት መጽሐፉን አልገለጡም። መዋሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ በቃላቸው ጀመሩት። ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም እንደማያውቅ ተናገሩ። ቀጥለው፣ ጌታው በቤቱ ላይ የሾመው አገልጋይ እንዳለ፣ ለቤተ ሰቡ ምግባቸውን በጊዜው ይሰጥ ዘንድ። "ጌታው በመጣ ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ..." አሉና ድምፃቸው እየዘገየ ሄደ፤ "እንዲህ ሲያደርግ የሚያገኘው ባሪያ ብፁዕ ነው።"

"ሲሠራ" አሉ እማማ ግፊ። "ሲደበቅ አይደለም። ነይ፣ ልጄ።"

ትንሿ ከመጨረሻው አግዳሚ ተነሣች። ወደ ፊት ስትመጣ እንባዋ ይወርዳል። ፊት ለፊት ደርሳ ካፖርቱን አወለቀችው።

ጋሽ ምልክት ሆዷን አዩ፤ ቀጥለው እግሯን። ከዚያ ጥናቱን ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ከእርሳቸው በቀር ማንም ያልተቀመጠበትን የመምህር ወንበር በሁለት እጃቸው አንሥተው አመጡላት።

"እግርሽ አብጧል፤ ተቀመጪ" አሉ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንገትህን እንዳላስደፋህ ብዬ ነው፣ አባዬ።"

ሰውየው ያለቅሳሉ ብሎ ሁሉም ጠበቀ፤ አላለቀሱም። እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው ወደ ጉባኤው ዞሩ፤ ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት።

"ጌታ ይመጣል" አሉ። "ይህን አልቀይርም፤ በቅርብ ነውም እላለሁ። ግን መጥቶ ይህን ሆድ ሲያይ ይቆጣል ካልኩ፣ እስከዛሬ የጠበቅሁት ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ያን ቀን ፈርቼ አስፈራኋችሁ። ውለዱ።"

"ይኸው፣ አንድ ቀን ተስማማን!" አሉ ጡረተኛው አስተማሪ። ዳቦ ጋጋሪው ከጎናቸው ሆኖ ያጨበጭባል። ጥግ ላይ የተቀመጠችው የአናጢው ሚስት ሻርፗን ከሆዷ ላይ አንሥታ አንገቷ ላይ ጣለችው። እማማ ግፊ ግን ማንንም አላዩም፤ ባላቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት። ይህን ሰው ነው ያገባሁት፣ አሉ በልባቸው፤ ለጎረቤት ሁሉ ሊነግሩት ቸኮሉ።

ከዚያ ወዲህ ትንሿ ካፖርት አልለበሰችም፤ በቀጠሮዋ ሁሉ በዋናው በር ገባች። አባቷ ናቸው ክንዷን ይዘው እስከ ማዋለጃው ደጃፍ የሚያደርሷት፤ ከዚያ አያልፉም። ሰውነቷ ግን እስከ ቀኗ አልጠበቀም፤ ደም ግፊቷ ሲያሻቅብ ሐኪሙ ምጡ በመድኃኒት እንዲጀምር አደረገ። ቀትር ላይ ነበር። እማማ ግፊ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ቢገቡ፣ ያሠለጠኗት ወጣት አዋላጅ መንገድ ዘጋችባቸው።

"እማማ፣ ዛሬ እርስዎ እናት ነዎት። ራስጌ ይቁሙ።"

"እኔን ነው?"

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ የገዛ ዘመድን ማዋለድ አይገባም ብለው።"

እውነቷን ነው። እማማ ግፊ እያጉረመረሙ፣ በተማሪያቸው ግን ውስጥ ውስጡን እየተኩራሩ ራስጌ ቆመው የልጃቸውን እጅ ያዙ። "ግፊ!" ማለቱን ግን ማን ይከልክላቸው? ያን ቀን የጮኹት ጩኸት እስከዛሬ ይወራል። ጋሽ ምልክት ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ሬዲዮ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮው ተዘግቷል።

ሕፃኗ ወጣች፤ ደቃቃ፣ ቀይ፣ ቁጡ። ጮኸች። ወጣቷ አዋላጅ ልማዱን ታውቃለችና ወደ እናቷ ሳትሰጥ አስቀድማ በእማማ ግፊ ፊት ከፍ አድርጋ ያዘቻት።

እማማ ግፊ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ የለም። ፌርማታ ድረስ የሚሰማው ያ ድምፅ እምቢ አለ። እንደገና ሞከሩ፤ የወጣው ሲቃ ብቻ ነው። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ትንሿ እጆቿን ዘርግታ ትጠብቃለች፤ አዋላጇ ግራ ገብቷት ቆማለች።

"እንኳን በጊዜሽ መጣሽ" አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። ጋሽ ምልክት ደጃፉን አልፈው፣ የሐኪም ጋውን ገልብጠው ለብሰው፣ ሬዲዮውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ሕፃኗን እንጂ ማንንም አያዩም።

"እንኳን በጊዜሽ መጣሽ፣ ልጄ" አሉ ደግመው፣ ጠንከር አድርገው።

ያኔ ሕፃኗ በእናቷ ደረት ላይ ዐረፈች። እማማ ግፊ እንባቸውን በክርናቸው ጠረጉና ወደ ተማሪያቸው ጠጋ አሉ።

"የእኔ ሰውዬ ነው" አሏት። "ዳንኤልን በቃሉ ነው የሚያውቀው።"